ቤት ውስጥ የማይወለድበት ቀበሌ

እማማ ሙሉዬ በአርባ ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ እንዳዋለዱ ራሳቸውም አያውቁትም። የሞቱባቸውን እናቶች ግን በስም ይቆጥራሉ። አራት ነበሩ። አምስተኛዋን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ፤ እኔ ሰብሌ፣ የጥድ አምባ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። አምስተኛዋ ዘነቡ ትባላለች። ስለ ሞቷ የተሞላ አንድ ቅጽ አለ፤ በቅጹ ላይ የእማማ ሙሉዬ ስም ተጽፏል፤ የጻፍኩትም በገዛ እጄ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት እግዜርን የምለምነው አንድ ነገር ቢኖር ያንን ስም ከዚያ ወረቀት ላይ ማውጣት ነው።

ዘነቡ ትመጣለች። ይህን ለባልደረቦቼ ብነግራቸው ጸበል ግቢ ይሉኛል፤ ስለዚህ አልናገርም። የምትመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ በክትባት ቀን፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ከጤና ኬላው ግድግዳ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ሲደረደሩ። መዝገቤ ላይ ሃያ ሦስት ሴት አለ፤ በዓይኔ ስቆጥር ሃያ አራት ይሆናሉ። እንደገና ስቆጥር ሃያ ሦስት። አግዳሚው ጫፍ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የምትቀመጠው እሷ ናት። ምንም አትጠይቀኝም። ተራዋ ደርሶ ቀና ስል የለችም። እፈራለሁ። ሥራዬን ግን አላቆምም፤ ብልቃጡን ከፍቼ የሚቀጥለውን ሕፃን እወጋለሁ።

እንግዲህ ስለ እማማ ሙሉዬ ልናገር።

ጥድ አምባን የማያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ አልፈርድበትም። ከላሊበላ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ የሄደ ሰው ብቻ ነው የሚደርስባት። ገብስ፣ በግና ጅብራ የሚሉት የደጋ ተክል ያለባት ብርዳም ቦታ ናት። ቱሪስቱ ላሊበላ ድረስ በአውሮፕላን ይመጣል፤ እኛ ዘንድ የሚመጣው ጉንፋንና የወረዳ ደብዳቤ ነው። የእኔ ጤና ኬላ አምባው ላይ ነው፤ ወላድ የምትላክበት ጤና ጣቢያ ግን ከአምባው በታች ነው። ጤነኛ ሰው ቁልቁል ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ በሽተኛ ግን እንደ ተሸካሚዎቹ ጉልበት ነው።

በ2003 ዓ.ም. ከትውልድ ከተማዬ ከኮን ተመድቤ ስመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የሕፃን ሚዛንና አንድ ጥቅል ፖስተር ይዣለሁ። የልምድ አዋላጅ አለች ሲሉኝ ወደ እማማ ሙሉዬ ቤት ሄድኩና በር ላይ ቆሜ ስለ ንጹሕ አወላለድ ማብራራት ጀመርኩ። ገብስ እያበጠሩ ሰሙኝ።

«ወልደሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ ስጨርስ።

«አልወለድኩም።»

«አግብተሽስ?»

«ኧረ አላገባሁም።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ነይ ተቀመጭ። ቆሎ ብይና አስተምሪኝ።»

ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ያስተማርኩት ነገር ትዝ አይለኝም፤ የተማርኩት ግን ትዝ ይለኛል። ጥፍራቸውን በየሳምንቱ ከሥሩ ይቆርጣሉ። ቀለበት አያደርጉም። ምጥ ያለበት ቤት ሲጠሩ ዘለው አይገቡም፤ በር ላይ ቆመው «በዚህ ቤት የተኳረፈ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ምራትና አማት ከተኳረፉ እዚያው ጉልበት አሳስመው ያስታርቋቸዋል፤ ባል ከወንድሙ ከተጣላ ወንድሙ ይጠራል። ቂም ባለበት ቤት እጃቸው እንደማይታዘዝላቸው ነበር የሚናገሩት። እኔ በልቤ አጉል እምነት ነው ብዬ ነበር። ኋላ ሳየው ግን ባልም አማትም ወንድምም ታርቀው በአንድ ቤት ሲሰበሰቡ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው አይጠፋም ነበር። ዋጋቸው አንድ ሳሙናና ከማርያም ገንፎ የመጀመሪያው ጉርሻ ነው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ባላቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ቀብረዋል። አንዲቷ ልጃቸው የተረፈችው እርዳታ ጣቢያ ስላደረሷት ነው። «ሁለቱ የሞቱብኝ ዘግይቼ ስለተነሳሁ ነው» ይሉ ነበር። «ነገ ይዘንባል፣ ነገ ይዘንባል እያልኩ። ቀድሜ ብነሳ ሦስቱም ይተርፉ ነበር።» አንድም ቀን ዝናቡ ለምን ቀረ፣ እህሉ ለምን ዘግይቶ መጣ፣ የዚያን ጊዜ መንግሥት የት ነበር ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። በሳቸው ቤት ጥፋተኛው የዘገየው ሰው ነው። ሥልጠናው ሲመጣ ከሁሉ ቀድመው ያመኑት እሳቸው የሆኑትም ለዚህ ይመስለኛል።

ሥልጠናው የመጣው በ2008 ነው። ጥድ አምባ ቤት ውስጥ የማይወለድበት ቀበሌ እንድትባል ታዘዘ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሴቶቹን ሰብስቤ ከመመሪያው ላይ እያነበብኩ እጠይቃለሁ፤ እነሱም ይመልሳሉ።

«እናት ቤት ውስጥ ብትሞት ጥፋቱ የማን ነው?»

«የእኛ!»

ሦስት ጊዜ አስባልኳቸው። ድምፃቸው ሸለቆውን ሞልቶት ነበር፤ እኔም ኮራሁ። እማማ ሙሉዬ ከኋላ እጃቸውን አወጡ።

«አራቱንም የገደልኩ እኔ ነኝ ማለት ነው?» አሉ።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። መመሪያው ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረም፤ እኔም ከመመሪያው ውጭ የምመልስ ሰው አልነበርኩም።

«ከአሁን በኋላ እንዳይደገም ነው እማማ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ጠረጴዛው መጥተው ከዚህ በኋላ ምጥ የያዛትን ሴት በእጃቸው እንደማይነኩ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚሸኙ የሚለው ቃል ላይ አውራ ጣታቸውን አተሙ። ሴቶቹም እየተሰለፉ አተሙ፤ ቤቴ አልወልድም ብለው። ቅሬው፣ ማለት ሙት የሚቀብረውና ያዘነ የሚያጽናናው ማኅበራችን፣ ቤት የወለደችንም ቤት ያዋለደችንም እንዲቀጣ ተስማማ። ቤት ውስጥ እንደማይወለድ የሚያሳውቅ ነጭ ባንዲራ ተሰቀለ። የወረዳ ሰዎች መጥተው በግ በልተው ሄዱ።

ሐሰት አልናገርም፤ ሕጉ ክፉ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድስት ዓመታት ከጥድ አምባ አንድም እናት አልሞተችም። እማማ ሙሉዬ ሸኚ ሆኑ። ወረዳው የሰጣቸውን ጃንጥላ ይዘው ከቃሬዛው ጎን ሦስት ሰዓት ይወርዳሉ፣ ጤና ጣቢያው ደጅ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ የልጅ ድምፅ ሲሰሙ ብቻቸውን እልል ይላሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። መንገድ ስለሌለ «ቀደም ብላችሁ ተነሱ» ብለን አስተማርን። ውሃ ስለሌለ «እጃችሁን ታጠቡ» ብለን አስተማርን። ለወረዳው ሁሉ ያለው አንድ አምቡላንስ ጎማ ሲጠብቅ ስለሚከርም፣ የቅሬውን ቃሬዛ፣ ሬሳ የምንሸከምበትን ቃሬዛ፣ «ባህላዊ አምቡላንስ» ብለን ሪፖርት ላይ አስመዘገብን። የጎደለውን ሁሉ ሴቶቹ እንዲያደርጉት ወደሚገባ ነገር ቀየርነው። እኔም ጎበዝ ቀያሪ ነበርኩ፤ ሁለት ጊዜ ተሸልሜያለሁ።

ዘነቡ ከሁሉ የበረታች ተማሪዬ ነበረች። የየሻው ሚስት ናት፤ የሻው ገበሬ ነው፣ ከአፉ ቃል የማይወጣው ዝምተኛ። የሞዴል ቤተሰብ ምስክር ወረቀት መጀመሪያ የተሰጠው ለእነሱ ነው፤ ከአልጋቸው በላይ በምስማር መትተውት ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ላይ ዘነቡ ጠየቀችኝ።

«እት ሰብሌ፣ ሁላችን ተዘጋጅተን አምቡላንሱ ባይመጣስ?»

«ቀድሞ መዘጋጀት ያንቺ ኃላፊነት ነው» አልኳት።

«የኔስ እሺ» አለች፤ ሴቶቹም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቅ ዛሬ ብመልሰው ደስ ይለኝ ነበር።

በ2013 ነሐሴ ጦርነቱ ወደ እኛ ዘንድ ገባ። ስልክ ጠፋ፣ ደመወዝ ቀረ፣ የመንግሥት ሠራተኛ እየተፈለገ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሰው ለኪዳን ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ማለዳ የሁለት ዓመት ልጄን አዝዬ ወደ ወላጆቼ ወደ ኮን ሸሸሁ። ማንንም አልተሰናበትኩም። በጤና ጣቢያው በኩል ሳልፍ በሩ ተነቅሎ አየሁ። ገባሁ። የማዋለጃው አልጋ የለም። ባለሙያ የለም። ፍሪጁ የነበረበት ቦታ ላይ አራት የእግር ምልክት ብቻ ቀርቷል፤ ለወላድ ደም የሚያቆመው መርፌ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነበር። ማን ወሰደው የሚለውን አላነሳም፤ ብዙ እጅ ነው የገባበት። በመስኮት በኩል ፍየሎች ሲያዩኝ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወርጄ መንገዱ በሚለያይበት ቦታ ላይ ከአምባችን ካህናት አንዱን፣ ቄስ ወልደ ኪዳንን አገኘኋቸው። ከላሊበላ በላይኛው መንገድ ወደ አምባው ሊመለሱ ነበር፤ ጤና ጣቢያውን አላዩትም።

«ለሰው ምን ልበልልሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ ይበሉልኝ» አልኳቸው።

ይኸው ነው የላክሁት መልእክት። ጤና ጣቢያው ባዶ ነው፣ እማማ ሙሉዬ እጃቸውን ይታጠቡና ያዋልዱ፣ ፊርማው ቀርቷል ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የጤና ሠራተኛ ቤት ውለዱ አለች ቢባልስ ብዬ ፈራሁ። ደሞም የስድስት ዓመት ሥራዬ በአንድ ቃል ሊፈርስ ነው። ይኸንንም በልቤ ብያለሁ፤ ማን ሞኝ ነው በጦርነት መሃል በፊርማ የሚታሰር? እማማ ሙሉዬን እያወቅሁ ይህን አልኩ።

የቀረውን የሻውና ሌሎች ነግረውኛል። በኅዳር፣ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ዘነቡን ማለዳ ምጥ ያዛት። ሦስተኛ ልጇ ነው። እማማ ሙሉዬ ተጠርተው መጡ፤ በር ላይ ቆመው የተኳረፈ አለ ወይ ብለው ጠየቁ፤ የለም ተባሉ። ግን አልገቡም።

«ቃሬዛው የታል?» አሉ።

«ጎረምሳው ሁሉ ሸሽቶ ማን ይሸከማል?» አለ የሻው። «እማማ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ እዚሁ ያዋልዷት። የመጀመሪያ ልጄን ያዋለዱልኝ እርስዎ አይደሉም ወይ?»

«አዋልጃለሁ። አራትም ገድያለሁ። ጣቴን አትሜያለሁ ልጄ፤ እሷን አልነካም። ጤና ጣቢያ ውሰዷት።»

«ተዘርፏል ይባላል እኮ!»

«ሐኪሞቹ ተመልሰዋልም ይባላል። አንድ ሰው አይጠፋም።»

የሻው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ አሉ። ያስቆመው የዘነቡ ድምፅ ነው። ከውስጥ «እዚህ አልወልድም» አለች። «እኔም አትሜያለሁ። ሰብሌ እንዲህ አላለችም። ውሰዱኝ።» ሳሙናዋን፣ አዲሱን ምላጭ፣ የልጁን ብርድ ልብስና ስኳሩን በአንድ ዘንቢል አስቀምጣ ነበር፤ ልክ እንዳስተማርኳት። ዘንቢሉን ራሷ አንስታ ለእማማ ሙሉዬ ሰጠቻቸው።

አራት ተሸካሚ እስኪገኝ እኩለ ቀን ሆነ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ቁልቁለቱ ላይ በየጥቂቱ እያሳረፏት ወረዱ፤ እማማ ሙሉዬ ጃንጥላውን ዘርግተውላት ከጎኗ ይሄዳሉ፣ ማርያም ማርያም ይላሉ፣ አይነኳትም። ዘነቡ እጇን ከቃሬዛው ዘርግታ እጃቸውን ስትፈልግ እጃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው እማማ ሙሉዬ ናቸው።

ሲደርሱ በሩ የለም። ፍየሎቹ ውስጥ ተኝተዋል። ዘነቡ ከቃሬዛው ላይ ሆና ዙሪያዋን ተመለከተችና «እት ሰብሌ የታለች?» አለች።

ያን ጊዜ እማማ ሙሉዬ ጃንጥላውን ጣሉት። ፍየሎቹን አስወጥተው፣ ሲሚንቶው ላይ ጋቢ አንጥፈው፣ በዘንቢሉ ሳሙናና በአንዱ ሽማግሌ ኮዳ ውሃ ታጥበው ተንበረከኩ። ልጅቷ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተወለደች፤ ደህና ናት፣ ዛሬ የየሻው እናት እያሳደጓት ነው። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሙም አልቆመም። እማማ ሙሉዬ ሆዷን በሁለት እጃቸው ይዘው ስሟን እየጠሩ ቆዩ። ዘነቡ የሞተችው እኔ ከዓመታት በፊት በለጠፍኩት ፖስተር ሥር ነው።

ቤቷ ብትወልድ ትተርፍ ነበር? አላውቅም። ሙያዬ እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም ይለኛል። በሕልሜም በእውኔም ግን ያንን መንገድ እወርደዋለሁ፤ ቄስ ወልደ ኪዳንን አገኛቸዋለሁ፤ ምን ልበልልሽ ይሉኛል።

በጥር ተመለስኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በየካቲት ቅጽ የያዘ ሰው መጣ። ባምላክ ይባላል፤ የእናቶችን ሞት ለማጣራት የተመደበ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማው ተቀዶ ነበር፣ ለስድስት ወር ደመወዝ አልተከፈለውም። ጤና ኬላው ውስጥ ተቀምጦ እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እጽፋለሁ።

«የት ወለደች?»

«ጤና ጣቢያው ወለል ላይ።»

«ጤና ተቋም በይ።»

ጻፍኩ። በዚህም ምክንያት የጥድ አምባ ባንዲራ አልወረደም፤ በቁጥር ረገድ ቤት የወለደች እናት የለችማ።

«ምጡ መቼ ጀመራት?»

«ማለዳ።»

«መቼ ተነሱ?»

«እኩለ ቀን።»

«አንደኛው መዘግየት ነው» አለ። ቅጹ ላይ ሦስት መዘግየት አለ፤ አንደኛው እናትና ቤተሰብ ለመሄድ ሲዘገዩ፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ ሲዘገዩ፣ ሦስተኛው ጤና ተቋም ደርሰው ሕክምና ሲያጡ።

«ሦስተኛው ነው እንጂ!» አልኩት። «ባምላክ፣ ጤና ጣቢያው ባዶ ነበር። ሰው አልነበረም። መርፌ አልነበረም።»

እጁን ቅጹ ላይ አደረገ። «ሦስተኛው ላይ ብትጽፊ ጤና ጣቢያው ይጠየቃል። ጤና ጣቢያው ደግሞ አልነበረም። የሌለ ነገር እንዴት ይጠየቃል? ቅጹ ተመልሶ ይመጣብኛል፣ እኔም ተመልሼ ይህን ዳገት እወጣለሁ። አንደኛው ላይ ከሆነ ግን ሥልጠና ይታዘዛል፣ ይዘጋል።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺስ የት ነበርሽ ብለው ሲጠይቁሽ ምን ልትመልሺ ነው?»

አንደኛው ላይ ምልክት አደረግሁ። ከሥሩ ሌላ ምክንያት የሚል ባዶ መስመር ነበር። «የነካት ሰው አለ?» አለኝ። የእማማ ሙሉዬን ስም ጻፍኩ። ቶሎ እንዲያልቅ ነበር የፈለግሁት።

መልሱ በሚያዝያ መጣ። ሊቀመንበሩ ምንይችል ቀበሌውን ሰብስቦ ደብዳቤውን አነበበ፤ የልምድ አዋላጆች እስካሁን እጃቸውን ያልሰበሰቡ መሆኑ በጥድ አምባ ታይቷል ይላል። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እማማ ሙሉዬ ሳይጠሩ ተነሱ።

«አዎ፣ ነክቻታለሁ» አሉና ተቀመጡ።

እኔ ከፊት ወንበር ላይ ነበርኩ፣ ማስታወሻ እይዝ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይፈጀኛል። በሳምንቱ እማማ ሙሉዬ በጎቻቸውን ለልጃቸው አስረክበው ላሊበላ አጠገብ ወዳለው ወደ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ወረዱ። እዚያው ቀሩ።

ሴቶቹ አሁንም ያትማሉ። አሁንም መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዘነቡ አግዳሚው ላይ መቀመጥ የጀመረችው ከዚያ ስብሰባ በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት መታገሥ አልቻልኩም፤ ወረዳ ሄጄ ቅጹ ይታረም አልኩ። ባምላክ ተዛውሯል። በቦታው ያለችው ልጅ ደግ ናት፤ ወረቀቱን ከካርቶን ውስጥ ፈልጋ ቅጂውን ሰጠችኝ። ስሟ ያላግባብ የተጻፈባት ሴት ራሷ ማመልከቻ ላይ ካተመች ይታያል አለችኝ። ማመልከቻውን ጻፍኩ፣ የማተሚያ ቀለም ይዤ በግንቦት ወደ ነአኩቶ ለአብ ሄድኩ።

እማማ ሙሉዬ ዋሻው ውስጥ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ጸበል ከሚጠራቀምበት የድንጋይ ገበታ አጠገብ ነበሩ፤ ለምእመናን በጣሳ ይቀዳሉ። በጣም ከስተዋል። ጥፍራቸው አሁንም ከሥሩ የተቆረጠ ነው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ በብብቴ ይዘው አነሱኝ።

«እማማ፣ ስምዎን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባምላክ አይደለም። ምንይችልም አይደለም። ጤና ጣቢያው ባዶ መሆኑንም አውቅ ነበር፤ በዓይኔ አይቼ ነው ያለፍኩት። ለቄስ ወልደ ኪዳን ልነግራቸው ስችል አልነገርኳቸውም።»

ጣሳውን ከገበታው ሞልተው መልሰው አፈሰሱት።

«ወደ አንቺ ትመጣለች?» አሉኝ።

ማን እንደሆነች አልጠየቅኋቸውም። «ትመጣለች» አልኩ።

«ወደ እኔ አትመጣም» አሉ። «ብትመጣ እጄን እሰጣት ነበር። በየቀኑ እጠብቃታለሁ።»

አለቀስኩ። ከዚያ ማመልከቻውን አወጣሁ፤ እዚህ ላይ ያትሙ፣ ስምዎ ከወረቀቱ ይወጣል፣ በአምባው ሰው ፊትም እኔ ቆሜ እናገራለሁ፣ በጎችዎ ይመለሱልዎታል፣ ቤትዎ ይግቡ አልኳቸው። አውራ ጣታቸውን ይዤ ወደ ቀለሙ ወሰድኩት። እሳቸው ግን እጃቸውን ሳብ አድርገው ያዙ።

«መጀመሪያ ያንን አንብቢልኝ» አሉ። «ማንበብ አልችልም፤ ምን እንደሚል አላውቅም።»

የቅጹን ቅጂ አነበብኩላቸው። ስም፣ ዘነቡ። ዕድሜ፣ ሃያ ስድስት። የወለደችበት ቦታ፣ ጤና ተቋም። የሞት ምክንያት፣ እናት በወቅቱ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ አለመወሰኗ። ሌላ ምክንያት፣ የልምድ አዋላጅ ወይዘሮ ሙሉዬ በእጃቸው መንካታቸው።

«በሩ እንዳልነበረ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«ሰው እንዳልነበረስ?»

«አልተጻፈም፣ እማማ።»

«ጦርነቱስ?»

«የለበትም።»

«አንቺስ አለሽበት?»

«የለሁበትም።»

ጣሳውን ገበታው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ፊደሉን በጣታቸው ዳሰሱት፤ የትኛው የሷ፣ የትኛው የሳቸው ስም እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው።

«እንግዲያ በዚህ ወረቀት ላይ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን» አሉ። ማመልከቻውን አጥፈው መለሱልኝ። «እኔን አታውጪኝ፣ ልጄ። ብቻዋን ትቀራለች።»